የግራው ሞላ

ኅዳር 6 ቀን 1958፣ ቡሬ

የሟቹ የግራዝማች ገደፋው ባለቤት እሜቴ ያይኔአበባ አስጠርተውኝ ሄድኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰሌን ተሸፍና ጎተራው አጠገብ የኖረችው የግራዝማች ፊያት ተገልጣ ቆማለች። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። እሜቴ ጎማዋን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉና፣ ለጥር አስተርእዮ ማርያም የግራዝማች የሰባት ዓመት ተዝካር እንደሚወጣ፣ ያን ዕለት በዚህችው መኪና ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። በእሳቸው ጊዜ እንደነበረችው አድርገህ አቁምልኝ አሉ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሞተሩ አያስፈራኝም። ፍሬኑም አያስፈራኝም። ክብደቷን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት፣ የፊት ግራው ሞላ ግን ለሁለት እንደተሰበረ እዚያው አለ። ግራዝማች ገደፋው ከፍኖተ ሰላም ሲመለሱ ላህ የሚባለው ቁልቁለት ላይ የተሰበረው እሱ ነው፤ መኪናዋ ወደ ግራ ስባ ከመንገድ ወጣች፣ ግራዝማችም ሞቱ። ሞላውን በእሳት ያቃናው ቀጥቃጩ ቸኮለ ስለነበር አገሩ ሁሉ የቡዳ እጅ ነክቶት ነው አለ። ቸኮለ ከነቤተሰቡ ከቡሬ ተባረረ።

ሞላውን ወደ ቸኮለ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ተቀብዬ የገጠምኩትም እኔ ነኝ። ስለሱ ዛሬ አልጽፍም።

ኅዳር 9

መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት። የቀኙ ሞላ ደህና ነው። ዝገቱን ፍቄ ሳየው ዘጠኙም ዙር ስንጥቅ የለበትም። የግራውን ነገ አወጣዋለሁ፤ ዛሬ መሸብኝ።

ለነገሩ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ከሚካኤል ቅዳሴ ስንወጣ ከፊቴ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። ተስፋው ያችን መኪና ሊያስነሳ ነው አሉ አለ አንዱ። ሌላው፣ ቸኮለ የበላትን መኪና ማን ያስነሳታል ብሎ ሳቀ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ አብሬ ፈገግ አልኩ። ለምን ፈገግ እንዳልኩ አላውቅም።

የንስሐ አባቴ አባ ክንፈሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ጠርተውኝ ለምን እንደጠፋሁ ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። በፍርድ ቀን ጎማህ ይመሰክርልሃል ብለው አሾፉብኝና ባርከው ሸኙኝ።

ኅዳር 16

የግራውን አወጣሁ። ስብራቱ ላይ ብረቱ እንደ ጨው ፍርክስክስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። አሥመራ ሳለሁ ሙያ ያስተማረኝ ጣሊያን እንዲህ ያለውን ስብራት አሳይቶኝ ነበር። ደክሞ የሚሰበር ብረት እንዲህ አይደለም። ይኼ በግለቱ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሸክላ የደረቀ ብረት ነው።

ሌላ ሰው ቢያየው ያው ብረት ተሰበረ ነው የሚለው። በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ባለቤቴ ካሰች ምንድን ነው አለችኝ። ብረት ነው አልኳት። ብረት ከመቼ ወዲህ ነጠላ ይለብሳል አለች።

ኅዳር 20

ሞላ መምረጥ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ጠንካራ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ባለመኪና ስንቱን አስተናግጃለሁ። ሞላው ከመኪናዋ ክብደት በላይ ከጠነከረ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር ይዘላል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። ከላላ በየጉድጓዱ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሁለቱ ካልተካከሉ ነው። መኪናዋ ሁልጊዜ ወደ ደካማው ትስባለች፤ ነጂው ሳያውቀው እጁ ይለምደዋል፣ አንድ ቀን ግን እጁ ይዘገያል።

ስለዚህ የቀኙ ደህና ነው ብሎ ለግራው ብቻ ሌላ መፈለግ አይሆንም። ጥንድ ያስፈልገኛል። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ የዚች መኪና ሞላ ጨርሶ እንደሌለ፣ የትንሽ ጭነት መኪና ጥንድ ግን ሊልክልኝ እንደሚችል ጽፎልኛል። መራዊ ደግሞ አንድ የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ የዚች መንትያ ወድቃ አለች ይባላል። ሁለቱንም ልሞክር ነው።

ሦስተኛም መንገድ ነበረ። እሱን አልፈልገውም።

ኅዳር 28

መራዊ ደርሼ መጣሁ፤ ስሄድም ስመለስም በበቆሎ ጭነት ላይ ተቀምጬ። መንትያዋን አገኘኋት፤ ነጋዴው የበቆሎ ማስቀመጫ አድርጓታል። በቆሎውን እኔው አውጥቼ፣ ሞላዎቹን ፈትቼ፣ በቆሎውን መልሼ ከተትኩለት። ሰውየው በጣም ደስ አለው፤ ሲሠራ የሚጾም ሰው እወዳለሁ አለኝ።

ዛሬ ፈተንኳቸው። አንዱን ሞላ አቁሜ፣ ሳንቃ ደፍቼበት፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ጫንኩበትና በሸምበቆ ለካሁ። ሌላውንም እንዲሁ። ሁለቱም እኩል ዘቀጡ፤ በጣት ጥፍር እንኳ አይበላለጡም። ለሰባት ዓመት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን ከኖሩበት ሸክም ብዛት ሁለቱም አጥረዋል። ከድሮው ልክ በሦስት ጣት ያንሳሉ።

ታኅሣሥ 4

የአዲስ አበባዎቹ በአውቶቡስ መጡ። ወፍራም፣ አዲስ፣ ቅባታቸው ያልደረቀ። ገጠምኳቸው። መኪናዋ አፍንጫዋን ሰቅላ ቆመች። እሜቴ በመስኮት አይተው ልትበር ነው እንዴ አሉ።

ለሙከራ ወደ ፍኖተ ሰላም ነዳኋት። መሪው እጄ ላይ ሲዘል፣ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ፣ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ሞላው የተቀመጠበት አሮጌ ብየዳ ተሰንጥቆ አገኘሁት። አይሆንም።

ብየዳውን ሳስይዝ ገበያው ዳር ታንጉትን አየኋት፤ የቸኮለን ሚስት። ማጭድና ማረሻ መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ገዢው ገንዘቡን እጇ ላይ አያኖርም፣ መሬት ላይ ይጥልላታል። ያየችኝ አልመሰለኝም ነበር። ግን ስሜን ጠርታ ሰላም አለችኝ፤ ካሰች ደህና ናት ወይ፣ ቡሬ ደህና ነው ወይ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ሰው አይቶኝ እንደሆነ ዞር ብዬ ተመለከትኩ። እሷም አየችኝ ስዞር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ነው የሚኖሩት።

ታኅሣሥ 9

የመራዊዎቹን ገጠምኩ። እኩል ናቸው፣ ግን ዝቅ ትላለች። ጉድጓድ ላይ ጓ፣ ድንጋይ ላይ ጓ። በዚህ ዓይነት እሜቴን ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ዳሌያቸውን በመዶሻ እንደ መቀጥቀጥ ነው። ይባስ ብሎ ብረቱ እንዲህ በተጋጨ ቁጥር ይደክማል።

ሞላስ ሞልቷል፣ የሚሆን ሞላ ጠፋ።

ታኅሣሥ 12፣ ማምሻውን

ካሰች ራት አቅርባ ጠብቃኝ ተኛች። ልጻፈው።

ያኔም እንዲህ ነበር። ግራዝማች ገዘፍ ያሉ ሰው ነበሩ፤ ራሳቸው ስለሚነዱ የግራው ሞላ ቀድሞ ደከመና መኪናዋ አጋደለች። ጥምቀት ላይ፣ አገር ሁሉ በሚወጣበት ቀን፣ ያጋደለች መኪና ይዞ መታየት ለእሳቸው ውርደት ነበር። ለከተራ አንድ ቀን ሲቀረው ጠሩኝና ለነገ አቅናት አሉኝ። በአንድ ቀን ሞላ ከየት ይመጣል? ወደ ቸኮለ ወሰድኩት። ቸኮለ በዕድሜ ከአባቴ እኩል ነው፤ አንቱ ብዬው ግን አላውቅም። ቀጥቃጭን ማን አንቱ ይላል?

ብረቱን አግሎ እንደ ልጅ ጣት ቀስ እያደረገ ሳበው። እንዲያ ያለ እጅ አሥመራም አላየሁም። ከዚያ ኑግ ዘይት ውስጥ እንደሚነክረው፣ የሰማይ መልክ እስኪያወጣ በለዘብታ እንደሚያሞቀው፣ ከዚያም አመድ ውስጥ እንደሚያሳድረው ነገረኝ። ጠዋት ና፣ ዛሬ አትንካው አለኝ።

ግራዝማች ግን ዕቃዬ ከቀጥቃጭ ቤት እንዳያድር ብለው አጥብቀው ነግረውኝ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ እሳቸው ባይሉም አላሳድረውም ነበር። እኔ አሥመራ የተማርኩት፣ የሞተርን ሆድ የማውቀው ሰው፣ ቡዳ እፈራ ነበር። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ቸኮለ ዘይቱን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። ጉጠቱን አነሳሁ። ደጁ ላይ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ነበር።

ኩራዙ ጭሱ አስቸገረኝ። ይበቃል።

ታኅሣሥ 13

ገንዳው ውስጥ ከተትኩት።

ቸኮለ የዘይቱን ማሰሮ እንደያዘ ወጥቶ አየኝ። «ገደልከው» አለ። ብረቱን ማለቱ ነበር። እንደገና በእሳት ልመልሰው፣ ዛሬ አትውሰደው ብሎ ለመነኝ። መሽቷል ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ሞላው አሥራ አንድ ቀን ያዘ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግራዝማች ሞቱ። ቸኮለን ለሸንጎ ሲያቆሙት እኔም እዚያ ነበርኩ። ምን አደረግህበት ብለው ሲጠይቁት ወደ እኔ ተመለከተ እንጂ ስሜን አልጠራም። ቢጠራስ ማን ያምነው ነበር? ያን አውቅ ነበር። አውቄም ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 19

አባ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ጾምና ስግደት። ቀለል ብሎኝ ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ለእግዚአብሔር ነግረሃል፣ ሰምቶሃል» አሉ። «ቸኮለ ግን አልሰማህም።»

ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። ቅያሜ ይዞኝ ነበር። ስግደቱ ምን አነሰው?

ታኅሣሥ 29፣ ልደት

ፆም ተፈታ። ምግቡ ግን አልጣመኝም።

ከሰዓት በኋላ ካሰች ነጠላውን ከአልጋ ሥር አውጥታ መደቡ ላይ ፈታችው። ስብራቱን ዓይታ ምንም አልገባትም፤ ብረት አታውቅም። እኔን ግን ታውቀኛለች።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ከእንቅልፍህ እየባነንክ ውኃ፣ ውኃ ትላለህ» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ጠምቶህ መስሎኝ ተነስቼ በቅል አቀርብልሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ጠጥተኸው አታውቅም።»

ነገርኳት። አለቀሰች። ለእኔ መስሎኝ ነበር፤ ለታንጉት ነው ያለቀሰችው። በአንድ ምንጭ ነበር ውኃ የሚቀዱት፤ ታንጉት ግን ሁሉም ቀድቶ እስኪያበቃ ቆማ ትጠብቅ ነበር፣ «እኔም ነይ ቅጂ ብያት አላውቅም» አለች።

ጥር 4

የመራዊዎቹን ሁለት ሞላዎች ተሸክሜ ቸኮለ ደጅ ቆምኩ። ከዚህ ጀምሮ «እሳቸው» እያልኩ ነው የምጽፈው።

ወናፋቸውን እየነፉ ነበር። አላቆሙም። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ አንቱ ስላቸው ቀና ብለው ሌላ ሰው ከኋላቸው ቆሞ እንደሆነ አዩ። ያ ነገር ከምንም በላይ አመመኝ። ስለ ውኃው፣ ስለ ሸንጎው፣ ስለ ዝምታዬ እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ሲያልቅብኝ ሞላዎቹን አነሷቸው፣ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፃቸውን ሰሙ።

«ብረት ምን አደረገ? እሠራልሃለሁ» አሉ። «ግን እዚህ ያድራል። አንተም ታድራለህ።»

ሦስት ጣት ሳቧቸው፣ ዘይቱ፣ ለዘብታው እሳት፣ አመዱ። ሁሉንም ለሁለቱም እኩል። ታንጉት የበላሁበትን ሳህን አጥባ አስቀመጠች። ከግድግዳው ሥር ቁርበት አነጠፉልኝ። ተኛሁ ማለት አልችልም። ፈራሁ፤ አሁንም፣ ይህን ሁሉ አውቄ፣ ፈራሁ። ሰባት ዓመት ውኃውን ስወቅስ ኖሬ አሁን ነው ፍርሃቴን ያየሁት።

ጠዋት ሞላዎቹን ከአመዱ አውጥተው ሰጡኝ። ይቅር አሉኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«እኔን በጓዳ አይደለም ያባረሩኝ» አሉ። «ለእኔ ብቻ የነገርከኝን ምን አደርገዋለሁ?»

ጥር 7

የተሰበረውን ሞላ እሜቴ ፊት አስቀምጬ ነገርኳቸው። አዲሶቹም በቸኮለ እጅ እንደተሠሩ፣ በቸኮለ ቤት እንዳደሩ፣ ይህን ሳያውቁ መኪናዋ ላይ እንዲቀመጡ እንደማልፈልግ ነገርኳቸው። ጣታቸውን ስብራቱ ላይ አኖሩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ግራዝማች ዕቃዬ እንዳያድር ያሉት በራሳቸው አፍ ነው ወይ አሉ። አዎ አልኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ውጣልኝ አሉኝ።

ጥር 9

አንድ ቃል ላኩብኝ፦ መኪናዋን ጨርስ። ሌላ ምንም የለም።

ጨረስኩ። ቀጥ ብላ ቆማለች።

ጥር 13

እሜቴ ለጥምቀት አልወጡም። ካሰች ምን ልታደርግ ነው ትለኛለች። ተዝካሩ ላይ ሰው ሁሉ አለ እላታለሁ። በቃ እንደሱ ነው የምንነጋገረው።

ሥራ አጣለሁ። እንደ ቸኮለ መውጣት ይመጣ ይሆን? እኔን ግን ለሸንጎ የሚያቆመኝ አይመስለኝም። ያም ያሳፍራል።

ጥር 22

የትናንቱን ልጻፍ።

ጠዋት እሜቴን ነድቼ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው፣ መለስኳቸው። በመንገዱ ሁሉ አላናገሩኝም። ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ካህናቱ ጸልየው ሲያበቁ፣ ከዳሱ መሐል ተነሳሁ። የተሰበረውን ሞላ ይዤ ነበር። በግለቱ ውኃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ ቸኮለ እንዳልነካው ለምነውኛል፣ ግራዝማችን የገደለው የእኔ ችኮላና የእኔ ፍርሃት ነው፣ ቸኮለ ሲባረሩ ዝም ያልኩትም አውቄ ነው አልኩ።

ስማቸውን በጠራሁ ቁጥር ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ አያለሁ። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ አንድ ሰው፣ ይለፈልፋል፣ ቸኮለ በልቶታል አለ። እሳቸው ቤት ማደሬ ተሰምቷል ለካ። ወዲያው ክንዴን ያዙኝ፤ አንዱ ጤና አዳም አፍንጫዬ ሥር ያደርጋል፣ ሌላው ጠበል አምጡ ይላል። እንደሚደረገው ጠየቁኝ፤ ማን በላህ፣ ተናገር አሉኝ።

«ማንም አልበላኝም» አልኩ። «የበላሁት እኔ ነኝ።»

ይኸው አላልንም ወይ፣ ቸኮለ ነው በእሱ አፍ የሚናገረው ተባለ። እውነቴን ይዤ ሰው መሐል ሰመጥኩ። የዚያን ጊዜ ነው ቸኮለ ሸንጎው ፊት ወደ እኔ ሲመለከቱ ምን እንዳዩ የገባኝ። የሚለው ሁሉ በራሱ ላይ የሚመሰክርበት ሰው ሆኜ ነበር።

እሜቴ በምርኩዛቸው ተነሱ። የያዙኝ ሰዎች ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ልቀቁት፣ አልታመመም» አሉ። «ዕቃችን ከቀጥቃጭ ቤት እንዳያድር ለግራዝማች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በእኔ ቃል ነው ያለቁት። ዛሬ የተቀመጥኩባት መኪና ሞላዋ በቸኮለ ቤት አድሯል፤ አውቄ ነው የተቀመጥኩባት። ቡዳ ከሆነ ይኸው እኔንም ይብላኝ።»

ከዚያ ከተዝካሩ ድግስ በመሶብ አስሞልተው፣ አባ ክንፈሚካኤልን ከኋላ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከፊት ከእኔ ጎን ገቡ። አስነሳ አሉኝ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆሞ አየን። ማንም እልል አላለም፣ ማንም አልተራገመም። ከኋላ በመስታወት ሳይ አንዳንዱ ያማትብ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ቸኮለ ከነሽርጣቸው ወጡ። እሜቴ ዳሌያቸው አላስወርድ ስላላቸው በመስኮቱ ሆነው ተናገሩ። እውነቱ በሰው ፊት መነገሩን፣ እሳቸው ራሳቸውም መናገራቸውን፣ ተባረው የለቀቁት የቡሬ ቦታ ከዛሬ ጀምሮ የቸኮለ መሆኑን ነገሯቸው። ይቅር በሉን አሉ። አባ ክንፈሚካኤልም «እውነት ነው፣ ሰምቻለሁ» አሉ።

ቸኮለ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ታንጉት መሶቡን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ እሜቴ እጇን ይዘው ነው የሰጧት። ግቡ አላሉንም።

ቸኮለ ወደ መኪናዋ ፊት ዞሩ። በግራው ጎማ በኩል ሁለት እጃቸውን አሳርፈው ወደ ታች ተጫኗት፣ ለቀቋት፣ ስትነሳ አዩ። በቀኙም እንዲሁ። ሁለት ጊዜ ደጋገሙት። ከዚያ በእኔ በኩል መጡ።

«እኩል ናቸው» አሉ። የመስኮቱን ጠርዝ ይዘው፣ «ቁልቁለቱ ላይ ግን ቀስ በል» አሉኝ።

በመመለሻችን ላህ ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀስ አልኩ። ሞላው ያዘ።